ድርቆሽ የለበሰው ጉድጓድ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለዲሪርሳ ነገሳ፤ ባለህበት ጅግጅጋ።

አካም ጅርታ ወንድምዬ? ጤናህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ሜሪ ደህና ናት? ሄመንዬስ ጥርሷ ወጣ ወይስ አሁንም በድድዋ ትነክሳለች? ሌሊት ሌሊት ሲያስነሳህ የነበረው ጨጓራህ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአባዬ እግር በቀር ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ልጄ ጂቱ ደህና ናት፤ ላሞቹም ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ፣ ንዴቱ ባይኖር።

በስልክ ስደውልልህ የጉታን ስም ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርክ ይጠፋብሃል። ስለ ወተቱና ስለ ዝናቡ ስናወራ ጥርት አድርጎ የሚሰማው ጆሮህ፣ ጉታ ስልህ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ እትዬ አይሰማም» ይላል። ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ። ወረቀት ኔትወርክ አይጠፋበትም። የሚያመጣልህ የጫት መኪና ሹፌር ነው፤ እጁ ላይ ሳታስቀምጥ እንዳትመለስ ብዬዋለሁ። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አንተ የምታውቀው ጉታ የነገረህን ብቻ ነውና። ጉታ ደግሞ እውነት ሊናገር ሲል ምላሱን የሚይዘው ሰው ነው። ሚዜህ መሆኑን አልረሳሁም። በሠርግህ ቀን ከጎንህ ቆሞ ሸሚዙ እስኪቀደድ ሲጨፍር እኔም አጨብጭቤለታለሁ። ያንን ጭብጨባዬን መልስልኝ ብዬ የምከስበት ችሎት ቢኖር በእሱም እከሰው ነበር።

እንደምታውቀው ከቤታችን በላይ፣ ወደ ማርያም በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር፣ ለሯጮች የእንግዳ ማረፊያ እየሠራ ነው። እሱ «ሪዞርት» ይለዋል። አራት ክፍልና ያላለቀ ደረጃ ሪዞርት ከተባለ የእኛም በረት ቤተ መንግሥት ነው! ታዲያ ይህ ባለ ሪዞርት መንገዱ ጥግ ድረስ ተጠግቶ የሽንት ቤት ጉድጓድ አስቆፈረ። የቆፈረው ሙሴ ነው፤ ያ ከደቡብ የመጣው፣ እሁድ እሁድ ጊታሩን አንግቶ ቸርች የሚሄደው የቀን ሠራተኛ። ሙሴ ቆፍሮ ሲጨርስ አፉን በሳንቃ ገጥሞ ዘጋው። ጉታ ግን ሳንቃውን አንስቶ ለግንባታው መወጣጫ አደረገው። ጉድጓዱን በላስቲክ ሸፈነ። ላስቲኩ ደግሞ ለእንግዳ ዓይን አያምርም ብሎ ድርቆሽ በተነበት። አጥር የለ፣ ድንጋይ የለ፣ አንዲት እንጨት እንኳ አልተከለበትም። የሱሉልታ ሰው ድርቆሽ ሲያይ ይረግጠዋል እንጂ ይሸሻል እንዴ? ወይ ብልሃት!

ሰኔ ማርያም ዕለት አባዬ ከማኅበር ሲመለሱ ገቡበት። ገና ከብት ያልገባበት ሰዓት ነበር፤ ካፊያ ነበር፤ ጭጋጉ ወርዶ ነበር። በገመድ ጎትቶ ያወጣቸው ሙሴ ነው። ጭናቸው ተሰብሮ ብረት እንደገባላቸው ታውቃለህ፤ በፎቶ አይተኸዋል፤ የሚያለቅስ ፊት የተሳለበትም ነገር ልከህልናል፤ እግዜር ይስጥልን። ያላየኸውን ልንገርህ። ዛሬም ከዘራ ይዘው ከበራፍ እስከ በረት ለመድረስ ሁለት ቦታ ያርፋሉ። ሞፈር መያዝማ ቀርቷል። ግን የጻፍኩልህ ስለ እግራቸው አይደለም።

በሳምንቱ ጉታ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ፣ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ይቅርታ ሊለምን መጣ። አባዬ አልጋ ላይ ናቸው። እግራቸው ሥር ተደፍቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። አባዬም ሣሩን ተቀብለው፣ ተነሳ ልጄ፣ ከእግዜር የመጣ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ አሉት። እንግዲህ አንተም እዚሁ ያደግህ ነህ፤ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሣር ይዞ ከመጣ እንደዚያ ይባላል። ሌላ ምን ይባላል? እንግዳ ብርጭቆ ሲሰብር ምንም አይደል እንደምንለው ነው። እማዬም እንባዋን ጠርጋ ምሳ አቀረበች። ጉታ ቅድም እንደዚያ ያለቀሰ ሰው፣ ቅቤው ጥሩ ነው ብሎ አስጨምሮ በላ።

ከዚያ በኋላ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የመንደሩ ሰው፣ ይህን ጉድጓድህን ድፈን፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ይገባብሃል ሲለው፣ ጉድጓዱ ምንም የለውም፣ ኦቦ ነገሳ ጠጥተው ነው የወደቁት አለ! ዓይኑን በጨው አጥቦ። በወፍጮ ቤቱ አለ፣ በባጃጅ ተራው አለ፣ ለፈረንጆቹ ሯጮች ሳይቀር በአስተርጓሚ አስነገረ። አባዬ የግፊት ኪኒን ከጀመሩ ወዲህ በማኅበሩ እንኳ ጠላ እንደማይቀምሱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን ሰውን ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይጠራጠራል፣ በመጨረሻ ያምናል።

በመስከረም የላይኛው መንደር ሰዎች በግጦሽ መሬት ተጣሉ። እንዲህ ሲሆን የሚጠሩት ማን እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ ከመወለድህ በፊት ጀምሮ በዚህ አካባቢ አባዬ የሌሉበት እርቅ አልተቀመጠም። አባዬም ጋቢያቸውን አጥፈው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በራፍ ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሰዎቹ በደጃችን አለፉ። አካም ኦልተን ኦቦ ነገሳ ብለው ሰላም አሉና አልፈው ሌላ ሽማግሌ ጠሩ። አባዬ እስኪመሽ ከበራፉ አልተነሱም። ሲገቡ ለእኔ ያሉኝ አንድ ነገር ነው። እግሬን ይቅር ብዬዋለሁ፤ ስሜን ግን ይቅር አላልኩትም፤ ክሰሽው አሉኝ። እኔም እንቅልፍ ሳይወስደኝ አነጋሁና ሄጄ በስማቸው ከሰስኩት። እሰይ!

ክሱን የጻፈችልኝ ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግታ ማመልከቻ የምትጽፈው ሰብለወርቅ ናት። እንዲህ አስረዳችኝ። ውል ሳይኖር አንዱ ሌላውን ቢጎዳ ሕጉ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ እንደ ምድጃ ሦስት ጉልቻ አድርገሽ ያዢው አለችኝ። ሰውየው አጥፍቷል ወይ? ያውም ክፉ ማሰቡ ግድ አይደለም፤ ልብ ያለው ሰው የሚያደርገውን ጥንቃቄ ከተወ አጥፍቷል። ሁለተኛ፣ ጉዳት ደርሷል ወይ? ሦስተኛ፣ ጉዳቱ የመጣው ከዚያው ጥፋት ነው ወይ? አንዱ ከጎደለ ድስቱ ይደፋል። እኔ ልቤ ሞላ። ጉድጓዱ ይኸው፣ እግሩ ይኸው፣ እግሩ የተሰበረው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ። ሌላ ምን ቀረ አልኳት። ሳቀችብኝ። መከላከያውን ገና አላየሽም አለች።

አየሁታ! የጉታን መልስ ብታነበው አንተም የሚዜህን ልክ ታውቀው ነበር። በመጀመሪያ፣ ጉድጓዱ በራሴ ይዞታ ነው ይላል። ማርያም ከተተከለች ጀምሮ ሰው የሚሄድበት መንገድ ጥግ ላይ ቆፍሮ! ቀጥሎ ደግሞ፣ ዝናቡ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው አለ። በሰኔ! በሱሉልታ! ለካስ እዚህ አገር በክረምት ዝናብ ሊዘንብ እንደሚችል ለኦቦ ጉታ የነገረው የለም! ሰብለወርቅ ይህን ስታነብልኝ ከጎኗ ያለው ፎቶ ኮፒ አንሺ እንኳ ማሽኑን አቁሞ ሳቀ። እሱ አልበቃ ብሎት ጥፋቱ የቆፋሪው ነው፣ ሳይከድነው ሄደ ይላል፤ ሳንቃው እስከ ዛሬ የእሱ መወጣጫ ላይ ተቸንክሮ እያየነው። ሣሩንም አልተወውም። ከሳሽ ራሳቸው ከእግዜር የመጣ ነው ብለው አምነዋል፣ ይቅርም ብለዋል፣ ስለዚህ መክሰስ አይችሉም አለ። የእማዬን ምሳ ሳይቀር የእርቅ ማስረጃ አድርጎ አስጽፎታል። ዋናው ግን ያው ነው። ተጎጂው በራሱ ጥፋት ወደቀ፣ ጠጥቶ ነበር። ይህ ከተረጋገጠ ኃላፊነቱ ይቀንስለታል ወይም ጭራሽ ይነሳለታል። የአባዬም ሰካራም መባል በፍርድ ቤት ማኅተም ይጸናል። አሁን ገባህ ለምን አንጀቴ እንደሚቃጠል?

ጠበቃውን ከአዲስ አበባ አመጣ፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ጭቃችንን ሲረግጥ እንደ ድመት እግሩን የሚያራግፍ ሰው። ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ መሆኑን ማንም አልነገረውም መሰለኝ፣ በአማርኛ እየተናገረ አስተርጓሚ ተመደበለት። አባዬ ሁለቱንም ይሰማሉ። ስንወጣ እንዴት ነበር አባዬ ብላቸው፣ ሁለት ጊዜ ሰማሁት፣ ሁለቴም ውሸት ነው አሉኝ።

ሙሴን ፍለጋ ቡራዩ ድረስ ሄድኩ። አሁን እዚያ ሕንፃ ላይ ነው የሚሠራው። የቀን ሥራውን ትቶ መጥቶ፣ በሳንቃ ዘግቼው ነበር፣ ሳንቃውን ያነሳው እሱ ነው፣ ድርቆሹንም የበተነው እሱ ነው ብሎ መሰከረ። አገሩ ያልሆነ፣ ቋንቋው ያልሆነ ሰው። ጠበቃው ግን ይህ ራሱን ለማዳን ነው የሚናገረው አለ። የማኅበሩ ሰዎችም መጥተው ኦቦ ነገሳ አልጠጡም አሉ። እነሱንም ወዳጅ ለወዳጅ ብሎ አጣጣላቸው።

ከዚያ አባዬ ተጠየቁ። ጠበቃው፣ ሣሩን ተቀብለዋል ወይ አላቸው። አዎ አሉ። ከእግዜር የመጣ ነው ብለዋል ወይ? አዎ፣ ብያለሁ። ጠበቃው ጨረስኩ ብሎ ተቀመጠ፤ ጉታም ጥርሱን ገለጠ። ምናለ አላልኩም ቢሉ ብዬ ተመኘሁ፤ ግን አባዬን ታውቃቸዋለህ። ዳኛዋ፣ ምን ማለትዎ ነበር ብለው ጠየቁ። አባዬ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ልጁ እግሬ ሥር ተደፍቶ ያለቅስ ነበር፤ ሰው በቤቴ ሲያፍር ማየት አልወድም፤ እፍረቱን ልሸፍንለት ብዬ ነው፤ ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ መሆኑን ግን እግዜርም ያውቃል አሉ። የጉታ ጥርስ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አሁን ወደ አንተ መጣሁ። አትነሳ፣ ቁጭ በል።

ጉታ በተራው ቆሞ ቃሉን ሲሰጥ ምን እንዳለ ነግሮሃል? አልነገረህም። በማለ አፉ እንዲህ አለ። የከሳሽ ልጅ ዲሪርሳ በፋሲካ መጥቶ ነበር፣ በዚያው መንገድ አብረን ሄደናል፣ ጉድጓዱን አይቷል፣ ምንም አላለም፣ ምንም አልሆነም፤ ያልጠጣ ሰው አይወድቅበትም አለ። ሰማህ? አባትህን ሰካራም ለማድረግ የጠራው ምስክር አንተን ነው። ዝምታህን ነው እጁን ይዞ ያስመሰከረው። አባዬ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስምህን ሰሙ። ዳኛዋም ይህን የሚያስተባብል ተጨማሪ ምስክር ካላችሁ ለየካቲት 18 አቅርቡ ብለው ቀጠሩን።

ዲሪርሳ፣ ያን ሱሪ ያጠብኩት እኔ ነኝ። በዳግም ትንሣኤ ማግስት፣ ፀሐይ ግንባር በሚበሳበት ቀትር፣ አንድም ነገር ሳትቀምስ፣ ቀኝ እግርህ በድርቆሹ ውስጥ እስከ ጭንህ ገባ። ጉታ በቀበቶህ ይዞ ጎትቶ አወጣህ፣ ከዚያም እየሳቀ ማንንም እንዳትነግር አለህ። እቤት መጥተህ ሱሪህን አውልቀህ ሰጥተኸኝ፣ ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ሰው ይገድላል፣ ሳንቃውን መልስ ብዬዋለሁ አልከኝ። እኔ ይህን ሄጄ ብናገር የሰማሽውን እንጂ ያየሽውን አልተናገርሽም ይሉኛል። ገብቶበት የወጣው እግር የአንተ ነው። የጉታን መከላከያ ሁሉ የሚያፈርሰው እሱ እግር ነው፤ ያልጠጣ፣ ወጣት፣ በቀትር የገባበት እግር። ጅግጅጋ ላይ ምን ይሠራል?

ለሙሉነሽ ደውለህ፣ ሚዜዬን እንዴት ፍርድ ቤት ቆሜ አዋርደዋለሁ፣ ሽማግሌ ይጨርሰው እንዳልክ ሰምቻለሁ። የአክስታችን ልጅ ምስጢር አትይዝም፣ ሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ምረጥ። ሽማግሌ ይጨርሰው! የትኛው ሽማግሌ? የአካባቢው ሽማግሌ እኮ በሚዜህ ምላስ ምክንያት በራፍ ላይ ቁጭ ብለው ሰው እያለፋቸው ነው። ሚዜ ማለት ለአንድ ቀን ሙሽራውን ያጀበ ሰው ነው። አንተን ግን እኚያ ሽማግሌ በትከሻቸው ተሸክመው ክትባት አስከትበውሃል፣ በሬ ሸጠው ኮሌጅ አስገብተውሃል፤ አንድ ቀን እንኳ ይህን ብለውህ አያውቁም። እኔ ግን እላለሁ፤ እኔ እንደሳቸው ጨዋ አይደለሁም።

ከችሎት ስንመለስ በባጃጅ ውስጥ አባዬ፣ ልጁ አይቶት ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይቶት ብቻ አይደለም፣ ገብቶበት ነበር አልኳቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

በማግስቱ ሰብለወርቅ፣ ፍርድ ቤቱ መጥሪያ ያውጣለት፣ ካልመጣ በፖሊስ ይመጣል አለች። እኔ ደስ አለኝ፤ ምን እደብቅሃለሁ፣ በሁለት ፖሊስ መሐል ከአውቶቡስ ስትወርድ ታየኝና አንጀቴ ራሰ። አባዬ ግን እጃቸውን አወዛወዙ። ልጄን በፖሊስ አላስጠራም፤ በገዛ እግሩ ካልመጣ ይቅር፤ ስሜም ይቅር አሉ። ክርክሩ እዚያው ላይ ተዘጋ። ስለዚህ መጥሪያ አልመጣልህም። የመጣልህ ይህ ወረቀት ብቻ ነው።

ሰላምታ ይድረስህ። እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ ለሄመን የሠራችውን የበሶ ዱቄት ሹፌሩ ይሰጥሃል። ጂቱ ሰላም ትላለች፤ አጎቴ ሲመጣ ባትሪ ድንጋይ ይዞልኝ ይምጣ፣ በማታ ለአያቴ መንገድ ላሳያቸው ብላለች። ሙሉነሽም ሰላም ብላለች፣ ተቀይማሃለች፣ ግን አፍ አውጥታ አትልም። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቀይ ናት። ለሜሪ ሰላም በልልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አንብብላት እንጂ እንዳትደብቃት።

አባዬን፣ ለዲሪርሳ ምን ልጻፍልዎ አልኳቸው። ከበራፉ ላይ ሆነው መንገዱን ያዩ ነበር። እኔ እርግማን ቢሆን እንኳ ልጽፈው ብዕሬን ይዤ ነበር። ከዚያ፣ ያን ዕለት እግሩ ሲገባ ተጎድቶ ነበር ወይ፣ አሁንስ ደህና ይረግጣል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አሉ።

እኔ ጠይቄሃለሁ። መልሱን ለእኔ አትጻፍልኝ።

ታላቅ እህትህ
ወርቅቱ ነገሳ
ሱሉልታ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.